ጉርሻ የተገዘተባት ሴት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት መጀመሪያ የጨበጥሁት ዕቃ ረጅም ፒንሳ ነው። ደሴ የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ስደርስ፣ ኃላፊው አቶ መኮንን ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ መርፌ ክፍል ወሰዱኝ። ላምባ ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል፤ ውስጡ የብርጭቆ ሥርንጅና መርፌ ይቀቀላል። «በፒንሳ ታወጫለሽ፣ በፒንሳ ታስቀምጫለሽ። በእጅሽ ከነካሽው እንደገና ትቀቅያለሽ» አሉኝ።

እኔ «እሺ» በማለት ፈንታ ጥያቄ ጀመርሁ። ውኃው ሳይፈላ የገባ መርፌ ጊዜው ከየት ላይ ነው የሚቆጠረው? መርፌው ሲዶለዱም የሚስለው ማን ነው? ይህ ድስት ቀድሞ ወጥ ይሠራበት ነበር ወይ? አቶ መኮንን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የላኩልኝ ጤና ረዳት ነው ወይስ መርማሪ?» አሉ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መርማሪ የሚለው ቃል የሚያስቅ አልነበረም። በረኛው ሰምቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ስሙ ግን ተለጥፎብኝ ቀረ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባልደረቦቼ «መርማሪዋ» ይሉኝ ነበር።

አልተሳሳቱም። ሰው ሲታመም ከማዘኔ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቁስል ሳጥብ «በምን ተወጋህ? ስትወጋ ምን ትሠራ ነበር?» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ባሕርዬ ነው፤ ስንት ጊዜ ልተወው ብዬ አቅቶኛል።

የላስታ ሰው ይዞት የሚመጣው በሽታ ቶሎ ይለመዳል። የዓይን ማዝ፣ የእከክ ቁስል፣ የልጆች ትክትክ፣ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወባ፣ ከገደል የወደቀ እረኛ ስብራት። በሩ አጠገብ የሚቆሙበት ሚዛን ነበረን። በሚዛኑ የምንፈልገው ሁልጊዜ የቀነሰውን ነው። ሕፃን ከቀነሰ የዱቄት ወተት፣ ነፍሰ ጡር ከቀነሰች ምክር። የጨመረ ሰው ከመጣ «እሰይ» ብለን እናሰናብተዋለን። ደሴም አስተማሪያችን ስለ ውፍረት አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰም።

ታንጉትን ያወቅኋት በዚህ መሃል ነው።

ታንጉት የየኔታ ገብረ ሕይወት ልጅ ናት። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ ተማሪ ሲያዛባ ከሩቅ ሰምተው የሚያቀኑ ሰው። ልጃቸው ገና በኮረዳነቷ አዲስ አበባ ወርዳ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ወጥ ቤት ሆነች። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ እሷንም ይዟት ሄደ። ከስንት ዓመት በኋላ ለገና በዓል ስትመጣ አገሩ ሁሉ ሊያያት ወጣ። ከአውሮፕላን ሜዳው ያመጣቻት በቅሎ ዳገቱ ላይ እምቢ ብላ በእግሯ ነው የገባችው ተባለ። ሴቶቹ ክንዷን እየጨበጡ «ተመችቷት የለ! ምነው እኛም እንዲህ ባደረገን!» ይላሉ።

በበዓሉ ሳምንት በሁለት ሴቶች ተደግፋ ጤና ጣቢያ መጣች። ወንበሩ ስለማይበቃት አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋት። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኋት።

«አንቺ በይኝ እንጂ፣ እህትሽ ነኝ» አለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። «ጉልበቴን፣ ወገቤን። ደሞ እንቅልፌን። ስተኛ ትንፋሼ ቀጥ ይላል፤ እንደታነቀ ሰው ደንብሬ እነሳለሁ። አገሬ ከገባሁ አንድ ሰው ‹አሞሻል ወይ› ያለኝ የለም። ሁሉ እሰይ እሰይ ነው የሚለኝ። ጫማዬን የምታስርልኝ ሌላ ሰው ናት እኮ፣ እቴ።»

የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ልጠመጥም ብል ጨርቁ አልዳረሰም። በእጄ አፍኜ ልነፋው ስታገል አቶ መኮንን ገቡ። «ተይው። በግድ ታስሮ የተገኘ ልክ ውሸት ነው» አሉ። የሚሰጧት ነገር ፈልገው ለጉልበቷ አስፒሪን ሰጧትና «ዳቦ ቀንሺ» አሏት። «የጣሊያኑም ሐኪም እንዲሁ ነው የሚለኝ» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን አልለቀቅኋትም። ውጭ አግዳሚው ላይ አብሬያት ተቀመጥሁና «እዚያ ምን ትበያለሽ?» አልኋት። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ከመስኮት ሆኖ «መርማሪዋ ጀመራት» ሲል ሰማሁ።

«ቀኑን ሙሉ እቀምሳለሁ። ሥራዬ ነው፤ ወጥ ሳይቀመስ አይወጣም። ማታ እነሱ ከበሉ በኋላ የተረፈውን ቆሜ እበላለሁ፣ ብቻዬን። በቃሽ የሚለኝም፣ ጨምሪ የሚለኝም የለም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ልለፍ ብዬ መሃል ላይ ተቀረቀርሁ። ከኋላዬ ሕዝቡ ሻማ ይዞ ቆመ። ልጅ ሆኜ እሮጥበት ነበር። ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ አስመልሼ ወጣሁ።»

ያን ቀን ልቤን ነካኝ፤ ግን ከሐዘኔ ይልቅ ግራ መጋባቴ ይበልጥ ነበር። መደርደሪያው ሙሉ ለራብ የሚሆን መድኃኒት ነው። ለዚህች ሴት አንድ ጠርሙስ እንኳ አልነበረንም። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ጣሊያን ተመለሰች።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት እናቷ ሞቱ። መርዶው ባሕር ተሻግሮ እስኪደርሳት፣ እሷም እስክትመጣ ድረስ አርባው ቀረበ። በክረምት አውሮፕላን ስለማይወርድ ከወልድያ መንገዱ እስከፈቀደ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ነው የመጣችው። በቅሎዋ ዘንድሮ ምንም አላማረረችም።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ታንጉት የት እንዳለች ጠየቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት አሳዩኝ። አንገቷ ቀጥኗል፣ ጉንጯ ገብቷል፣ ጥቁር ቀሚሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ሴቶቹ እናቷን አልቅሰው ሲጨርሱ እሷን አይተው እንደገና ያለቅሳሉ። «እኔን አፈር ያርገኝ! ምን አገኘሽ? የማን ዓይን ገባሽ?» ይሏታል።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መጣች። ከቦርሳዋ ቀይ ፈሳሽ ያለበት የብርጭቆ አምፑል አውጥታ በየወሩ እንድወጋት ለመነችኝ። ቀይ መድኃኒት አይቼ አላውቅም ነበር፤ አቶ መኮንንን አሳይቼ፣ ጽሑፉን አንብበው ቫይታሚን መሆኑን አረጋግጠው ፈቀዱልኝ። ወግቻት ስጨርስ «አሁን ንገሪኝ» አልኋት።

ሆዷን ገልጣ አሳየችኝ። ከደረቷ በታች ተነሥቶ እስከ እምብርቷ የወረደ ቀጥ ያለ ጠባሳ ነው። ጥሩ ሰፊ የሰፋው ነበር፤ በጣቴ ተከትዬ አየሁት።

«ቀበሌ ውስጥ ወረቀት የሚሰፉበት ብረት አለ አይደል? ጨብጠውት ቀጭ የሚል?» አለች።

«ስቴፕለር።»

«በእሱ ዓይነት ነው ሆዴን ከውስጥ የሰፉት። ከላይ እንቁላል የምታህል ቦታ ተዉልኝ። ምግቡ እዚያች ይገባል፣ ከእሷ ወደ አንጀቴ ይወርዳል። ትልቁ ሆዴ አለ፤ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ጥቂት እበላለሁ፣ ላም እንደምታመሰኳ አኝካለሁ፣ ውኃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፣ ትንሽ ቆይቼ ደሞ እበላለሁ። ካለፈ ግን ወይ ይቆማል ወይ ይመለሳል።»

ጥያቄዬ ጎረፈ። ሲርብሽ የት ላይ ነው የሚሰማሽ? ብረቱ አይወጋሽም? ፀጉርሽስ ለምን ሳሳ? ታንጉት ሁሉንም ትመልሳለች፤ የሚጠይቃት ያገኘች መሰለኝ። ፀጉሯ ተመልሶ ይበቅላል ብለዋታል። ቆዳዋ ግን ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «የአባባ ተማሪዎች ብራና ጠፋ እያሉ ሲያማርሩ ሰማሁ። ከዚህ ይፋቁ» ብላ ቆዳዋን ሳብ አድርጋ አሳቀችኝ።

«እንዲህ መሰፋቱን ለምን እሺ አልሽ?» አልኋት በመጨረሻ።

«ሐኪሙ ‹በዚህ ከቀጠልሽ እናትሽን ቀድመሽ ትሞቻለሽ› አለኝ። እናቴን ልቅበር ብዬ ነው። ይኸው፣ መቅበሩም አልሆነልኝ» አለችና ተነሣች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ራሷ አሰረች።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ሐምሌ ነው፤ የላስታ ጎተራ የሚነጥፍበት ወር። በዚህ ወር ሰው ከልጁ ጉሮሮ ነጥቆ ለቅሶ ቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ይዞ መጥቶም ዝም ብሎ አያስቀምጥም፤ ሐዘንተኛዋ ስትበላ አይቶ ነው የሚሄደው። «በሞቴ» ይላል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ታንጉት እንቁላል በምታህል ቦታ የአገሩን ሁሉ በሞቴ መቀበል ነበረባት።

እምቢ ስትል ወሬው ተነሣ። አንዳንዱ «ፈረንጅ ሆናለች፣ የኛን እህል ተጸየፈች» አለ። አንዳንዱ ሳንባ ነው አለ። የቤቱን ጉዳይ የያዙት የየኔታ እህት እማማ የሺ ደግሞ በሽታውን አግኝተውታል። መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ትል ነው። ኮሶ ላጠጣት ነው። ያልኋትን አልሰማ ብላ ነው እንጂ እስካሁን በወጣላት።»

«እማማ፣ ትል የለባትም። ኮሶ ካጠጧት ትሞትብዎታለች» አልኋቸው።

«ታዲያ ሥጋዋን ማን በላው?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ወደድሁት፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምጠይቀው። እዚያው ቆሜ ስለ ስፌቱ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሰው በገንዘቡ ራብ ገዛ በይኝ» ብለው ሄዱ። ኮሶውን ግን ተዉት።

አርባው ደረሰ። ቀበሌው ድግስ ይቀነስ ብሎ ስለነበር ዳሱ ትንሽ ነው፤ ካህናቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከገነተ ማርያም የመጡ ዘመዶች። ታንጉት ሳህን ይዛ ታስተናግዳለች። እማማ የሺ ከወጡ ውስጥ ጥሩ ሥጋ መርጠው በእንጀራ ጠቀለሉና ከሰው ፊት አስቆሟት። «በሞቴ! ለእናትሽ ነፍስ ይማር ብለሽ፣ አንድ ብቻ!»

በእናቷ ነፍስ ሲባል ምን ታድርግ? ጎረሰች። ሰውም ደስ አለው፤ «እሰይ!» ተባለ። ጉርሻ አንድ አይሆንምና ሁለተኛው ተከተለ። ሳህኗን አስቀምጣ ቀስ ብላ ከዳሱ ስትወጣ አየኋትና ተከተልሁ።

ከጎጆው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቋታል። ሴቶች ተከትለውን መጥተው «ታነቀች!» ብለው ጮኹ። አንዷ ጀርባዋን ልትደቃ፣ አንዷ ጠላ ልታጠጣት፣ እማማ የሺ ጠበል ይዘው ሲሯሯጡ ዳሱ ተተራመሰ።

«ትንፋሽ ይወጣልሻል?» አልኋት። አዎን እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ትንፋሽ ካለ ጊዜ አለ። አቶ መኮንን ለክትባት ብልባላ ወርደዋል፤ ወልድያ ሆስፒታል ደግሞ በዚያ ጭቃ የማይታሰብ ነው። ያለሁት እኔ ነኝ። «ምንም አታጠጧት! ጠበሉም ይቆይ» አልሁ። ጠበል ይቆይ ያልሁት በካህናት ፊት ነው። ታንጉት ግን ሐኪሟ እንዲህ ሲሆን ጠብታ እንኳ እንዳትውጥ እንዳስጠነቀቃት ነግራኝ ነበር። ቀና አድርጌ አስቀመጥኋት፤ ሲሻላት ክንዷን ይዤ ግቢውን አዞርኋት። ትሞትብኛለች ብዬ ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው በደጅ በኩል ያየናል።

ካህናቱ ለሠርክ ጸሎት ሊነሡ ሲሉ ወጣላት። ሥጋው እንዳለ ነው። ሴቶቹ ተጠጋግተው አዩት፤ እኔም አየሁት። «እንዳጎረስኋት ነው እኮ!» አሉ እማማ የሺ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ከዚያ ወዲያ ትል የሚል ጠፋ።

ያመኑት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥጋው ከበዳት አሉ። ከማግሥቱ ጀምሮ የገንፎ፣ የአጥሚት፣ የበሶ ዓይነት ይጎርፍ ጀመር። አሁንም በሞቴ አለ። ታንጉት በልታ ትወጣለች፣ አስመልሳ ትገባለች። ሚዛኑ ላይ ሳቆማት መርፌው በየሳምንቱ ወደ ግራ ይሄዳል። እኔው እየለካሁ የማሳንሳት ሆኖ ተሰማኝ። አቶ መኮንን ከብልባላ ተመልሰው አዩዋትና «ይህች ሴት ከቀጠለች የምትሞተው በራብ ነው፤ በሙሉ መሶብ መሃል» አሉ። «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም። ሰዉን የሚያስቆም ሰው ፈልጊ።»

«እምቢ በያ!» አልኋት እኔም ተናድጄ።

«አልችልም። እምቢ ስል ሰውየውን የጠላሁት ይመስለዋል። ከልጆቹ አፍ አንሥቶ ያመጣውን እንዴት ልመልስበት? እኔን የሚከለክልልኝ ሌላ ሰው ይሁን።»

በሞቴን የሚሽር አንድ ነገር ብቻ አውቅ ነበር፤ ግዝት። የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ትንሣኤን ልናነጋግር አብረን ሄድን። አባ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሁሉን ከሰሙ በኋላ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁ። «የተቆረጠው ሆድሽ የት ተቀበረ?»

«አልተቆረጠም፣ አባ። ተሰፍቶ ነው እንጂ ውስጤ አለ።»

አባ በረጅሙ ተነፈሱ። «መልካም። ሰው ለትንሣኤ ሙሉ አካሉን ይዞ ቢሄድ ይሻላል» አሉ። እኔም ገረመኝ፤ ያን ያህል ጠይቄያት ይህን አልጠየቅኋትም ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አሁን ከእኔ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«ይገዝቱልን። ማንም እንዳያጎርሳት።»

«ግዝት እኮ ድንበር ለሚገፋ፣ ታርቆ ለሚያፈርስ ነው። ሰው አጎረሰ ብዬ ገዝቼ አላውቅም» አሉ። ታንጉትን አዩዋት፤ ጥቁር ሻሿ ሥር ያለው ፊቷ አጥንት ብቻ ነው። «እሁድ ይሁን» አሉ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «ስሙኝ። ይህች ልጃችን ታማለች። በእጁ ያጎረሳት፣ በሞቴ ብሎ ያስገደዳት፣ በግዝት ተይዟል። ወንድም ሴትም፣ ዘመድም ባዳም» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እማማ የሺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ሄዱ። ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም፤ ገዳይ ያልኋቸው ያህል ነው የተሰማቸው።

ግዝቱ ሠራ። በማግሥቱ አንድም ሰው ላጉርስሽ ያላት የለም። ማስመለሱ ቆመ። የሚዛኑ መርፌ ባለበት ቆመና እኔና አቶ መኮንን ተያይተን ሳቅን። እኔማ በነገሩ ኮራሁ፤ ለድሬሰሩም ደጋግሜ አወራሁለት።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ላይ ሳወጣት እንደገና ቀንሳለች። «ያስመልስሻል?» አልኋት። የለም። «ያቆምብሻል?» የለም። «ታዲያ ምን ትበያለሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ መስኮቱ ዞረች። «ስገባ ሰዎች መሶቡን ይከድናሉ፤ ግዝት እንዳይነካቸው ፈርተው። እኔ ካለሁ ማዕድ አይቀርብም። እማማ የሺ የእኔን በሳህን አድርገው ጓዳ ያስቀምጡልኛል፣ እዚያ እበላለሁ። ሁለት ጊዜ እጎርስና እጄን እሰበስባለሁ። እቴ፣ የሚበላ አላጣሁም። የሚያበላኝ አጣሁ» አለች። አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

የዚያኑ ዕለት የኔታ ቤት ሄድሁ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «የኔታ፣ ታንጉት መብላት እያቆመች ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ። ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማኝም» አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ከመጣች ጀምሮ ይህ እጄ አላጎረሳትም። መጀመሪያ የሰዉ ብዛት አላደረሰኝም፤ ቀጥሎ ግዝቱ መጣ። እናቷን ቀብሬ ልጄን በእጄ ሳላበላ እንዴት ሐዘኔ ይውጣልኝ? አንቺ ሐኪም ነሽ፤ ይህስ መድኃኒት የለውም?»

ከየኔታ ቤት ቀጥታ አባ ወልደ ትንሣኤ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ ግዝቱ ይፈታ» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እሰር ትይኛለሽ፣ ፍታ ትይኛለሽ።»

«እንደ በፊቱ አይሁን። በልክ ይሁን።» ደጃቸው ላይ ሽምብራ ለፀሐይ ተሰጥቶ ነበር። አንድ ፍሬ አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ። «ከዚህች የማትበልጥ። ካጎረሱም በኋላ መውረዱን ሳይጠይቁ አይድገሙ። በሞቴም አይባል።»

አባ ሽምብራዋን አገላብጠው አዩዋት። «ይህን ነው ጉርሻ የምትይው?»

«ለእሷ አዎን።»

በሚቀጥለው እሁድ ያችኑ ሽምብራ በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ይዘው ለሕዝቡ አሳዩ። ግዝቱን በዚያ ልክ ፈቱት። ኋላ ያለው ሰው አልታይ ብሎት ተጋፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉዳይ ሳቅ ሰማሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኔታ ቤት ማዕድ ቀረበ። እማማ የሺ ሽሮውን አቅርበው ዳር ቆሙ፤ ታንጉት አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የኔታ እንጀራ ቆረሱ፣ በጣታቸው መጠኑት፣ በዛባቸው፣ ቀነሱት። «ይህ ለድንቢጥ ነው» ብለው አጉረመረሙ። በግራ እጃቸው ፊቷን ዳብሰው፣ የገባውን ጉንጯን፣ አገጯን ነክተው አፏን አገኙና አጎረሷት።

ታንጉት ማኘክ ጀመረች። የኔታ ድጓ እንደሚያደምጡ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ማኘኳን ይሰማሉ። እማማ የሺ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው አፍ አፏን ያያሉ። እንዲህ ረጅም ጉርሻ አይቼ አላውቅም።

«ወረደ?» አሉ የኔታ።

«ወርዷል፣ አባባ።»

ሁለተኛውን ያጎረሱት እማማ የሺ ናቸው። ጉርሻዋ ሽምብራ የምታህል ናት። መውረዱን ጠይቀው ሲያበቁ ወደኔ ዞረው «አንቺስ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» አሉኝ። ከግዝቱ ወዲህ ያናገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ተቀምጬ አብሬ በላሁ።

ታንጉት እስከ መስከረም ቆየች። ሚዛኑ መውረዱን አቆመ፤ ስትሄድ ጥቂት ጨምራ ነበር። የቀሩትን ቀይ አምፑሎች ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ለበሽተኛ የምግብ ትእዛዝ ስትሰጡ ከማን ጋር እንደሚበላ ጠይቁት። ትእዛዙን ለእነሱም ንገሯቸው።